ነገን በግማሽ ዋጋ ለሚሸጡ የቀረበ ውዳሴ

በአገራችን ሁልጊዜ የሚመሰገነው ቆጣቢው ነው። ገብረ ጉንዳን እንኳ መኸሯን በመሰብሰቧ በቅዱስ መጽሐፍ ተወድሳለች። ነገውን ዛሬ፣ ያውም በግማሽ ዋጋ፣ ሸጦ የሚገላገለው ሰው ግን እስካሁን አንድ አመስጋኝ አላገኘም። ኤሳው ብኩርናውን በምስር ወጥ በመለወጡ ይኸው በየስብከቱ ሲወቀስ ይኖራል። ወጡ ትኩስ እንደነበረና ኤሳውም ከዱር ደክሞት እንደመጣ የሚያነሳለት የለም። ይህ ግፍ ይበቃል ብዬ ብዕር አንስቻለሁ። ውዳሴዬ ቡናውን በአበባው ለሚሸጠው የጌዴኦ ገበሬ፣ አበባውን ለሚገዛለት ደግ ነጋዴ፣ ሁለቱ ሲፈራረሙ ሻይ እየጠጡ ለሚመሰክሩት ጎረቤቶች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በዚህ ሁሉ መሃል ድምፁ ላልተሰማው ዳኛ ይድረስ።

ነገሩ የሚጀምረው በውበት ነው። በየካቲትና በመጋቢት የበልግ ዝናብ ጠብ ሲል፣ ከዲላ ተነስቶ በወናጎና በይርጋጨፌ አድርጎ እስከ ገደብ የሚዘልቀው ተዳፋት ነጭ አበባ ይለብሳል። ከላይ ትልልቁ ዛፍ ጥላ ይሰጣል፣ ከሥሩ እንሰቱ ቅጠሉን ይዘረጋል፣ በመካከላቸው ቡናው ያብባል። ዩኔስኮ ይህን የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። የተመዘገበው፣ በደንብ ላየው ሰው፣ ትዕግሥት ነው፤ አያት የተከለው ዛፍ የልጅ ልጅን ያስጠልላል፣ እንሰቱ ለቆጮ እስኪደርስ ዓመታት ይጠበቃል፣ የጨልባ ቱቲቲና የቱቱ ፈላ ትክል ድንጋዮች ለዘመናት ሳይሰለቹ ቆመዋል። ለድንጋይ ይህ ያምርበታል። ሰው ግን ሆድ አለው። ቱሪስት አበባ ሲያይ ፎቶ ያነሳል፤ አስተዋይ ሰው አበባ ሲያይ ዋጋ ይጠይቃል።

አበባው እሸት ሆኖ፣ እሸቱም ቀልቶ በብዛት የሚለቀመው ከጥቅምት ወዲህ ነው። በመሃል ክረምቱ አለ። ያምናው የቡና ብር ለሰርግ፣ ለቆርቆሮና ለሞተር ሳይክል ወጥቶ ተረስቷል። ሐምሌ ላይ ልጅ ይታመማል። ነሐሴ ላይ ለቅሶ ይደርሳል። መስከረም ላይ ትምህርት ቤቱ ደብተርና ዩኒፎርም ይላል። ቡናው ግን አረንጓዴ ነው፤ ቢለምኑት አይቀላ፣ ቢቆጡት አይቀላ። ደጉ ሰው ብቅ የሚለው እንግዲህ በዚህ ጊዜ ነው።

«ጋሼ፣ ምን ያስጨንቅዎታል? እኛ እያለን!»

«እንዲያው ልጄ፣ ለጊዜው ትንሽ ብር ብታበድረኝ ብዬ ነበር።»

«ብድር ምን ያደርግልዎታል? ብድር እኮ ዕዳ ነው። ቡናዎን ይሽጡልኝ።»

«ቡናው ገና አልደረሰም እኮ።»

«ግድ የለም፣ እኔ እጠብቃለሁ።»

በዚህች «እኔ እጠብቃለሁ» ውስጥ ያለውን ቸርነት ልብ ይሏል። ገበሬው መጠበቅ ያቃተውን ነጋዴው ይጠብቅለታል። የሚያስከፍለው የጥበቃውን ብቻ ነው።

የጥበቃው ዋጋ ስንት ነው? ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል አስቀምጣለሁ፤ አንባቢ በራሱ ቀበሌ ዋጋ ይተካቸው። ሰኔ ላይ 500 ኪሎ እሸት ቡና በ40 ብር ሂሳብ ተሸጠ እንበል። ገበሬው 20,000 ብር ቆጥሮ ወሰደ። ኅዳር ላይ የቀይ እሸት ዋጋ 80 ብር ገባ። ነጋዴው 40,000 ብር የሚያወጣ ቡና ተረከበ። በአምስት ወር ውስጥ 20,000 ብር ሌላ 20,000 ብር ወለደ ማለት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሰው ለሰው ሲያበድር በዓመት ከ12 በመቶ የበለጠ ወለድ መዋዋልን አይፈቅድም። በዚያ ጣሪያ ቢሰላ የአምስቱ ወር ወለድ 1,000 ብር ነበር። እስቲ ማን ነው ለ1,000 ብር ብሎ አምስት ወር ሙሉ ዝናብ እያየ የሚቀመጥ? ሃያ እጥፍ የሚከፈለው ጠባቂ ግን ቡናውን ከባለቤቱ አብልጦ ይወደዋል። በየሳምንቱ መጥቶ ያየዋል። «ደህና አድሯል?» ብሎ ይጠይቃል። የገበሬውን ልጅ ጤና ባይጠይቅ እንኳ የቡናውን ይጠይቃል።

ደግሞስ ማን ነው ወለድ ያለው? ሽያጭ ነው። በወንጀል ሕጋችን አራጣ ያሳስራል፤ ሽያጭ ግን የተባረከ ነው። እርግጥ አንቀጽ 712 ወለድ የሚለውን ስም ብቻ አይደለም የሚያየው፤ የሰውን ችግር፣ ልምድ ማጣት ወይም የባሕርይ ድካም መጠቀሚያ አድርጎ ከሰጠው ጋር በግልጽ የማይመጣጠን ጥቅም ያገኘውንም ይነካል። ነገር ግን ሕግ አውጪው ይህን ቁም ነገር ከ711 አንቀጾች ኋላ በማስቀመጡ፣ እዚያ ድረስ የሚደክም አንባቢ እንደማይኖር ማሰቡ አይቀርም። ሌላም ምቾት አለ። በዛፍ ላይ ያለ ፍሬ ተለቅሞ ሊወሰድ ከተሸጠ፣ ሕጉ የሚያየው እንደ ተንቀሳቃሽ ዕቃ ሽያጭ ነው። ለመሬትና ለቤት የሚጠየቀው ምዝገባ ለዚህ አይጠየቅም። ቅጽ የለም፣ ማኅተም የለም፣ ወረፋ የለም። ሻይ ቤት ይበቃል።

ይህ ሁሉ ግን የጀማሪዎች ጥበብ ነው። በጥበቡ የበሰለው ሰው ቡናውን የሚሸጠው ለአንድ መኸር አይደለም፤ ለሦስትና ለአምስት ዓመት በኮንትራት ያስረክባል። ማሳው የእሱ ነው። የይዞታ ደብተሩ በስሙ ነው። አረሙንም ምናልባት ራሱ በቀን ሥራ ሂሳብ ያርመዋል። ፍሬው ብቻ የሌላ ሰው ነው። አሁንም ለምሳሌ፣ ማሳው ወጪ ተቀንሶ በዓመት 30,000 ብር ያስገባል እንበል። በአምስት ዓመት 150,000 ብር ይሆናል። ባለቤቱ 60,000 ብር በአንድ ጊዜ ተቀብሎ ይፈርማል። እንደ እኔ ያለ ሒሳብ ወዳድ እዚህ ላይ ይቆዝማል፤ በዚያው በ12 በመቶው ጣሪያ ቢሰላ እንኳ የአምስቱ ዓመት ገቢ የዛሬ ዋጋ 108,000 ብር ግድም ነው፣ በ60,000 ሲሸጥ ግን ገዥው በዓመት 41 በመቶ የሚያህል ትርፍ ያገኝበታል ይላል። ልክ ነው፤ ይላል። ነገር ግን ሒሳብ ወዳዱ በሐምሌ ሆስፒታል ደጅ ላይ ቆሞ አያውቅም። 60,000 ብር በእጅ ሲቆጠር የሚሰጠውን ክብርም አያውቅም። በዚያች ዕለት ሰውየው በቀበሌው ጋሼ ነው። ሙዝና ዳቦ ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። የዕቁብ ዳኛው ሳይቀር ከመቀመጫው ብድግ ይልለታል። አምስት ዓመት የሚዘልቅ ዕዳ ለአንድ ቀን ንግሥና ውድ ነው የሚል ካለ፣ ነግሦ የማያውቅ ነው።

እዚህ ላይ አንድ እንቅፋት ነበር፤ ጥበበኞቻችን በቀላሉ ዘልለውታል። በ1997 ወጥቶ በ2016 በሌላ የተተካው የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ፣ ገበሬ መሬቱን ሲያከራይ ቤተሰቡን ከይዞታው በማያፈናቅል መጠን ይሁን፣ በመሬቱ የመጠቀም መብት ያላቸው ሁሉ ይስማሙ፣ ውሉም ሥልጣን ባለው አካል ጸድቆ ይመዝገብ ይል ነበር። ይህ ማለት ሚስት ትጠየቃለች ማለት ነው። ሚስት ከተጠየቀች ደግሞ መልሳ ትጠይቃለች፤ ልጆቹ በሚመጣው ዓመት ምን ይበላሉ ትላለች፣ ብሩ ለምን ይውላል ትላለች፣ ይባስ ብሎም ትቆጥራለች። ውል እንዲህ ካለ ነገር መጠበቅ አለበት። ስለዚህ ወረቀቱ «መሬት ተከራየ» አይልም፤ «ቡና ተሸጠ» ይላል። ባልየው ፈረመ፣ ሁለት ሰዎች መሰከሩ፣ እሷ ጓሮ እንሰት እየፋቀች ነበር። አዋጁም አልተጣሰም፣ እሷም አልተረበሸችም።

ከዚህ ጋር የአሜሪካኖችን ድክመት ላነጻጽር። እዚያ በመኪና አደጋ ወይም በሐኪም ስህተት የተጎዳ ሰው፣ ካሳውን በአንድ ጊዜ ከሚቀበል ይልቅ በየወሩ ወይም በየዓመቱ፣ ለሃያም ለሠላሳም ዓመት ተከፋፍሎ እንዲከፈለው የሚስማማበት አሠራር አለ። ብሩ በአንድ ሰሞን እንዳይበተን ታስቦ ነው። ከዚያ በቴሌቪዥን ማስታወቂያ የሚጠሩ ድርጅቶች ይመጡና የሃያ ዓመቱን ክፍያ በጥቂት ጥሬ ብር ይገዙታል። እስከዚህ ድረስ አሜሪካም ከይርጋጨፌ አታንስም። የተበላሹት ቀጥሎ ነው፤ ዳኛ አስገቡበት። ከ2002 እ.ኤ.አ. ወዲህ የፌዴራል የግብር ሕጋቸው፣ ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ እንዲህ ያለ የካሳ ክፍያ የገዛ ድርጅት በሚያተርፈው ልዩነት ላይ 40 በመቶ ግብር ይጥልበታል። የክፍለ ግዛቶቹ ሕጎችም ሽያጩ ለሻጩ የሚበጅ መሆኑን፣ የጥገኞቹም ኑሮ ታስቦ፣ ዳኛ እንዲያረጋግጥ ያዛሉ። ሻጩ ከመፈረሙ በፊት የሚሸጠው ክፍያ ጠቅላላ ድምር ስንት እንደሆነ፣ የዛሬ ዋጋው ስንት እንደሆነ፣ በእጁ የሚገባው ስንት እንደሆነ በወረቀት ይሰጠዋል። እንዲህ ያለ ወረቀት በአንድ ትዳር ላይ ሊያስከትል የሚችለውን ጠብ ያሰበ ሕግ አውጪ ግን አልነበራቸውም።

ይህ ሥርዓት ወደ እኛ ቢመጣ ምን እንደሚሆን አስቡት። ሰኔ ላይ ዲላ ችሎት ይቀመጣል። ዳኛው መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ገበሬውን ይጠይቃሉ።

«አባቴ፣ ይህን ቡና ለምን ይሸጣሉ?»

«ልጄ ታሞብኝ ነው፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

«ለሕክምናው ስንት ያስፈልጋል?»

«8,000 ብር ይበቃል ብለውኛል።»

«ታዲያ የአምስት ዓመት ቡና ለምን ይሸጣሉ?»

ይህ ጥያቄ የመጣ ዕለት ጠቅላላ ሥራው ፈረሰ ማለት ነው። ነጋዴው ፊቱን ያዞራል። ገበሬው መሬት መሬት ያያል። ምስክሮቹ የሻይ ሒሳብ ማን እንደሚከፍል ይጨነቃሉ። ደግነቱ ይህ የሚሆን አይመስልም። ቡናው ገና አረንጓዴ ሆኖ ብር በሚጠፋባቸው ወራት በከፊሉ ፍርድ ቤቶቻችንም የክረምት ዕረፍት ላይ ናቸው፤ ተረኛ ችሎት የሚያየው አስቸኳዩን ብቻ ነው። የልጅ ሕመም አስቸኳይ ነው፣ የቡና ሽያጭ ግን አስቸኳይ አይደለም። የፍርድ ቤቱ ካሌንደርና የነጋዴው ካሌንደር ሳይነጋገሩ ተስማምተው የተቃቀፉበትን ይህን ምሥጢር ማድነቅ ይገባል።

ለፍትሕ ሲባል ግን የአሜሪካ ዳኛ የሚፈራውን ያህል እንዳልሆነ መናገር አለብኝ። በ2015 እ.ኤ.አ. በባልቲሞር በፖሊስ እጅ ሳለ በደረሰበት ጉዳት ሞቶ ስሙ ዓለምን ያዳረሰው ፍሬዲ ግሬይ፣ በልጅነቱ በእርሳስ በተመረዘ የቤት ቀለም የተጎዳ ልጅ ነበር። እሱና እህቶቹ ለዚያ ጉዳት በየጊዜው የሚከፈል ካሳ ተወስኖላቸው፣ ክፍያውን ከዋጋው እጅግ ባነሰ ገንዘብ እንደሸጡት ጋዜጦች በዚያው ዓመት ጽፈዋል። ሕጉ ነበር፣ ዳኛውም ነበር፣ ማኅተሙም ነበር። ችሎት ፊት የቆመው ሰው ብሩን ዛሬ የሚያገኝበት ሌላ በር ከሌለው፣ የዳኛው «ይበጅዎታል ወይ?» መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። አሜሪካኖች ለዚህ «አዎ» ጠበቃ፣ ፋይልና ቀጠሮ ይከፍሉበታል። እኛ ያለ ቀጠሮ በነፃ እናገኘዋለን።

ወደ ራሳችን ሕግ ልመለስ፤ እሱም ውዳሴ ይገባዋል። በ1952 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች ሆኑ። በጌዴኦ ምድር፣ ሚጭሌ ላይ፣ ገበሬዎች ቡናቸውን በሚካፈላቸው ባለመሬት ላይ ተነሥተው ደም ፈሰሰ። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የፍትሐ ብሔር ሕጉን አወጁ። ሚጭሌ የተነሡት ሰዎች ያልገባቸው ነገር አለ፤ ባለመሬቱ ቡናቸውን ይወስድ የነበረው በግድ ነበር። በየካቲት 1967 መሬት ለአራሹ ታወጀና ባለመሬቱ ሄደ። ዛሬ ቡናው የሚሄደው በውዴታ፣ በፊርማና በሻይ ነው። ይህን ዕድገት ያላየ ዓይን ዓይን አይደለም።

ፍትሐ ብሔር ሕጉም ቢሆን በቁጥር 1710 ላይ የተናገረው ለሁለቱም ወገን የሚመች ነው። መጀመሪያ፣ ውል አንዱን ወገን አብልጦ ስለጠቀመ ብቻ አይፈርስም ይላል። ይህን ንዑስ ቁጥር ነጋዴው በልቡ ቢያኖረው ይገባዋል። ቀጥሎ ግን፣ ፍትሕ ሲያስገድድ፣ የተጎጂው ፈቃድ የተገኘው ችግሩን፣ የዋህነቱን፣ እርጅናውን ወይም የንግድ ልምድ ማጣቱን መጠቀሚያ በማድረግ ከሆነ ውሉ ሊፈርስ ይችላል ይላል። የዛሬ ስድሳ ምናምን ዓመት የተጻፈ ሕግ የሰኔን ገበሬ እንዲህ ፊት ለፊት እንዳየው ያህል ገልጾታል። ሆኖም ልብ በሉ፤ ሕጉ ዳኛውን ወደ ሻይ ቤቱ አይልከውም። ችሎት ተቀምጦ ይጠብቃል። ተበዳዩ ራሱ ማመልከቻ አጽፎ፣ የዳኝነት ከፍሎ፣ ከማሳው ዲላ ድረስ ወርዶ፣ ደጉን ሰው ከሶ፣ በሚቀጥለው ሐምሌ ልጁ ሲታመም ማንን እንደሚጠራ ሳያስብ «ተበደልኩ» ማለት አለበት። ጊዜም ተወስኖለታል፤ እንዲህ ላለው ክስ ሁለት ዓመት ተሰጥቶታል፣ የሚቆጠረውም ውሉ ከተደረገበት ቀን ነው። የአምስት ዓመት ኮንትራት የፈረመ ሰው በሦስተኛው መኸር፣ ልጁ ባዶ ቅርጫት ይዞ የሌላ ሰው ለቃሚዎች ሲያይ ቢነቃ፣ በሩ ተዘግቷል። ይህ ጭካኔ አይምሰላችሁ፤ ሰው ካለፈው ነገር ጋር እንዲታረቅ ሕግ የሚያደርገው እገዛ ነው።

ዳኛ አስቀድሞ የሚጠየቅበት ቦታ ጨርሶ የለንም ማለት ግን አይደለም፤ ይህም ያሳዝናል። አባቱ የሞተበት ልጅ ቡና ቢወርስ፣ ሞግዚቱ የልጁን የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዲሁ በገዛ ፈቃዱ ሸጦ መሄድ አይችልም፤ ፍርድ ቤት ይጠየቃል፣ ለልጁ የሚበጅ መሆኑ ይታያል። ቀለብ የማግኘት መብትም በመርሕ ደረጃ ለሌላ አይተላለፍም፣ በዕዳም አይያዝም። ሕጉ እዚህ ላይ የሰው ነገ እንደ ቀላል ዕቃ እንደማይሸጥ አምኗል። ጥሩነቱ እምነቱ የሚጸናው እስከ 18 ዓመት መሆኑ ነው። ልጁ 17 ዓመት ከ11 ወር ሲሆነው ራሱን የማያውቅ ሕፃን ነው፤ ዳኛ ይቆምለታል። በልደቱ ማግስት ግን የወለድ ስሌት፣ የቡና ዋጋ ትንበያና የዓለም ገበያ ዕውቀት በአንድ ሌሊት ይወርዱለትና የአምስት ዓመት ቡናውን በሞተር ሳይክል የመለወጥ ሙሉ ሥልጣን ያገኛል።

የነጋዴውንም ወገን ካልተናገርኩ ውዳሴዬ ጎደሎ ይሆናል። እሱም እኮ ይፈራል። ከ1970ዎቹ መባቻ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገራችን የታወቀው የቡና ፍሬ በሽታ ሊመጣ ይችላል። ቡና አንድ ዓመት በደንብ ካፈራ በሚቀጥለው ይለግማል። የዓለም ዋጋ ሊወድቅ ይችላል፤ መፈልፈያው ሊዘጋ፣ አንዳንድ ገበሬም ማታ ማታ ለሌላ ሰው ሊሸጥ ይችላል። ይህን ሁሉ ሥጋት የሚሸከም ሰው ትርፍ አይገባውም ማን አለ? ይገባዋል። የተሸከመው ሥጋት ስንት ያወጣል ብሎ ሁለቱንም አስቀምጦ ያሰላ ሦስተኛ ሰው አለመኖሩ ብቻ ነው ነገሩን ፍጹም የሚያደርገው። ሦስተኛው ሰው ዳኛ ቢሆን፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ ሠራተኛ ቢሆን፣ ወይም ሚስት ብትሆን፣ ስሌቱ ያው ይወጣ ነበር።

በዚህ መሃል አማራጭ አለ እያሉ የሚያደናቅፉ ሰዎች አይጠፉም። የይርጋጨፌ ቡና አምራች ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ከ1994 ጀምሮ አለ ይላሉ፤ ቡናውን ሸጦ ካተረፈው ለአባላቱ የትርፍ ክፍፍል ያደርጋል ይላሉ። ትርፉ የሚመጣው ግን ቡናው ተለቅሞ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ወደ ውጭ ከሄደ በኋላ ነው፤ በሐምሌ ለታመመ ልጅ «አባትህ በሚመጣው ዓመት ትርፍ ይካፈላል» ብሎ መድኃኒት የሚሰጥ ፋርማሲ እስካሁን አልተከፈተም። ድሮ ማይክሮፋይናንስ የነበረው ኦሞ ባንክ አለ ይላሉ። አለ፤ ቅጽም አለው፣ ዋስም ይጠይቃል። ላም አለኝ በሰማይ እንደሚባለው፣ የሰማዩን ላም የሚያልብ ባንክ ገበሬው አላገኘም። ያገኘው ነጋዴውን ነው፤ ነጋዴው ወደ ሰማይ ወጥቶ ያልባል፣ ወተቱን ግን ሁለት እጅ ይጠጣል።

አንድ ነገር ደግሞ በጣም ያስደስተኛል። መንግሥታችን «ይርጋጨፌ» የሚለው ስም በዓለም ገበያ የኢትዮጵያ ንግድ ምልክት ሆኖ እንዲታወቅ ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር ተከራክሮ በ2007 እ.ኤ.አ. ስምምነት ላይ ደርሷል። ስሙ ጠበቃ አገኘ፣ ተደራዳሪ አገኘ፣ ዲፕሎማት አገኘ። ፍሬው ግን አበባ ሳለ ከአንድ ሻይ ቤት ጠረጴዛ በላይ ተደራዳሪ አላስፈለገውም። ለስም እንዲህ የሚታገል አገር ለፍሬው ባይታገል አያስወቅሰውም፤ በሁሉም ቦታ መገኘት አይቻልም።

እንግዲህ የማቀርባቸው ሐሳቦች ትሑት ናቸው። አንደኛ፣ የአበባ ሽያጭ ውል ላይ የዛሬ ዋጋና የወለድ መጠን የሚጽፍ ማንኛውም ሰው ሰላም እንዳደፈረሰ ይቆጠር። ሁለተኛ፣ ሚስቶች ውል በሚፈረምበት ሰዓት ገበያ እንዲላኩ በየቀበሌው መርሐ ግብር ይውጣ። ሦስተኛ፣ ማኅበራትና ባንኮች የቡናውን ምርት እያዩ በሰኔና በሐምሌ በአነስተኛ ወለድ እንዲያበድሩ የሚጠይቁ ሰዎች ዝም ይበሉ። ይህ ሦስተኛው ከተፈቀደ ደጉ ሰው ሥራ ይፈታልና። ልጁ ለታመመበት ገበሬ የሚያስፈልገው 8,000 ብር ቢገኝ፣ የአምስት ዓመት ቡና የሚሸጥ ሞኝ ከየት ይመጣል? ዳኛ ሳይቀመጥ፣ ሕግ ሳይወጣ፣ ይህ ሁሉ ጥበብ በአንድ ክረምት ይጠፋል።

እስከዚያው ግን ውዳሴዬ የጸና ነው። ለነጋዴው ትዕግሥቱን፣ ለምስክሮቹ ሻያቸውን፣ ለገበሬው የአንድ ቀን ንግሥናውን እመኛለሁ። በዚህ ዓመት በአበባ የሸጣችሁ አንባቢዎቼ ግን አንዲት ትንሽ ነገር ልንገራችሁ፤ ለመረጃ ብቻ ነው። ወረቀታችሁን አውጡና ቀኑን እዩት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1710 ዛሬም በሥራ ላይ ነው፤ ሁለቱ ዓመት የሚቆጠረው ከፈረማችሁበት ቀን ጀምሮ ነው።